ከውኃ መስመር በታች

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። በስተደቡብ ምሥራቋ ቁመቱ ከ4000 ሜትር የሚያልፈው የጉና ተራራ ቆሟል፤ ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ቁልቁል ወደ ምዕራብ ተጉዘው ጣና ይገባሉ። ገብስና ድንች ለሚያመርተው የዚህ አገር ገበሬ መርከብ ሲባል አስቀድሞ የሚታወሰው የኖኅ መርከብ ነው፤ እርሷም ብትሆን ማረፊያዋ ተራራ ነበርና ለደገኛ ጆሮ እንግዳ አትሆንም። ይሁንና በከተማይቱ ውስጥ በአንድ ጠባብ ቤት፣ በመስኮት ሥር በተዘረጋ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለት የጦር መርከቦች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ሦስተኛይቱ ገና በመሠራት ላይ ናት።

የቤቱ ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። በፋርጣ ተወልደው በደብረ ታቦር ተምረው፣ በ1966 ዓ.ም. ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ሆኑ። ከዚያ በፊት ያዩት ትልቁ ውኃ ጣና ነበር። ምጽዋ ላይ የሞተር ሙያ ከቀሰሙ በኋላ የተመደቡት “ኢትዮጵያ” በተባለችው መርከብ ላይ ነው። ይህች መርከብ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1944 “ኦርካ” በሚል ስም የአሜሪካን ባሕር ኃይል የተቀላቀለች፣ ተግባሯም በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መርዳት የነበረ ናት። በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጥታ የባሕር ኃይሉ ታላቅ መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። ርዝመቷ 95 ሜትር፣ ወርዷ 12 ሜትር ተኩል ያህል ነበር። ሁለቱን ፕሮፔለሮቿን የሚያዞሩት በናፍጣ የሚሠሩ ሞተሮች ሲሆኑ ኃይላቸው በድምሩ 6000 የፈረስ ጉልበት ይደርስ ነበር። የሽማግሌው ወጣትነት ያለፈው በእነዚህ ሞተሮች መካከል፣ ከውኃው መስመር በታች፣ ሰማይ በማይታይበት ሙቀት ውስጥ ነው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በኤርትራ ሕዝብ ነፃነት ግንባር ጦር ተያዘች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቧ ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች፤ እሳቸውም በሞተሩ ክፍል ነበሩ። ሠራተኞቿ ሲበተኑ እርሷ በዚያው ቀረች፤ እ.ኤ.አ. በ1993ም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል፣ ተዝካር ይወጣል፤ መርከብ ስትሞት ምን እንደሚደረግ ግን የፋርጣ ልማድ የሚለው ነገር የለም። ሽማግሌው ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው በአንድ ወፍጮ ቤት የናፍጣ ሞተር ጠጋኝ ሆነው ኖሩ። እህል ለማስፈጨት የሚመጡ ሴቶች “ጋሼ ባሕረኛው” ይሏቸው ነበር። ስያሜው ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ቀልድ ነው። ቀልዱን ተቀብለውታል፤ አንድ ነገር ብቻ አልተቀበሉም፤ ይኸውም በዚህች ከተማ የሠሩባትን መርከብ መልክ ለሰው ማሳየት የሚችሉበት፣ ከአንዲት የደበዘዘች ፎቶግራፍ በቀር፣ ምንም ነገር አለመኖሩን ነው።

ውጭ አገር የምትኖረው ልጃቸው ይህንን ታውቅ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥምቀት ከሚመጣ ሰው ጋር አንዲት ጠፍጣፋ ሳጥን ላከች። በውስጧ ስልሳ ያህል የፕላስቲክ ቁርጥራጮች በዘንግ ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለዋል፤ እነርሱን ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ በማጣበቂያ አያይዞ ቀለም የቀባ ሰው አንዲት የጦር መርከብ ያገኛል። መርከቧ የአባቷ አልነበረችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ 175 ያህል የሠራቻቸው፣ “ፍሌቸር” ከሚባሉት የዲስትሮየር መርከቦች አንዷ ናት። ሆኖም የዘመን እኩያ ናት፤ በፊቷ ላይ ያለው መድፍ “ኢትዮጵያ” ከተሸከመችው መድፍ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሽማግሌው ይህንን ገና በሳጥኑ ሥዕል ላይ አወቁት።

ሳጥኗ ርካሽ ነበረች፤ ርካሽነቷም ከመክፈቻዋ ጀምሮ ይታያል። የእነዚህ አምሳያዎች አሠራር ቀላል ነው፤ ፕላስቲክ ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት በብረት ፎርማ ውስጥ ይረጫል፣ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። ዋናው ወጪ ፎርማው እንጂ ፕላስቲኩ አይደለም። ስለዚህ ፎርማውን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የሚገለገልበት ፋብሪካ ርካሽ አድርጎ መሸጥ ይችላል። ፎርማው ሲያረጅ ግን ሁለቱ ገጾቹ አጥብቀው አይገጥሙም፤ በመካከላቸው የሚሾልከው ፕላስቲክ በየቁርጥራጩ ጠርዝ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ትርፍ ይተዋል። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፉት ይህንን ትርፍ በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ሲያነሡ ነው። አላማረሩም። ሞተር ጠጋኝ የሌላውን ፋብሪካ ጉድለት ማረም ሥራው ነው።

ከዚህ የባሰው የውፍረት ነገር ነው። የሳጥኗ ልኬት 1 ለ 700 ነበር፤ ማለትም 115 ሜትር የነበረችው መርከብ ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ከፍ ወዳለ ርዝመት ትወርዳለች። እንግዲህ መርከበኛ ወደ ባሕር እንዳይወድቅ የሚጠብቀው የጎን አጥር ብረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ቢወፍር፣ በዚህ ልኬት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃያ ሦስተኛ እጅ አይበልጥም። ፕላስቲክ ይህን ያህል ቀጥኖ ከፎርማ አይወጣም። በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሠራ ደግሞ፣ ልኬቱን መልሶ ያባዛ ሰው 35 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር አጥር ያገኛል፤ ይህ የትልቅ ጎጆ ምሰሶ ነው። ስለዚህ ርካሹ ሳጥን አጥሩን ጨርሶ ይተወዋል፣ የሬዲዮ ምሰሶውን ግን ያወፍረዋል። በባሕር ዳር ለጎብኚ የሚሸጡት ትንንሽ የደንገል ታንኳዎችም ይኸው ችግር አለባቸው፤ ሠሪው ታንኳዋን ማሳነስ ይችላል፣ የደንገሉን ዘንግ ግን ማሳነስ አይችልም። በዚህም ምክንያት ትንሿ ታንኳ ከእናቷ ይልቅ ወፍራም ሆና ትታያለች። ልዩነቱ የታንኳይቱ ውፍረት ከራሷ ከደንገሉ መምጣቱ ነውና ዓይን ይቅር ይላል።

ሽማግሌውን ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። መርከቧ ተሠርታ ስታልቅ፣ ከታች ጠፍጣፋ ሆና ጠረጴዛው ላይ ልጥፍ አለች። በውኃ ውስጥ የሚቀመጠው ሆዷ የለም። ይህ የፋብሪካ ስሕተት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1971 አራት የጃፓን አምራቾች ተባብረው በዚሁ በ1 ለ 700 ልኬት ከውኃ መስመር በላይ ብቻ የሚታዩ የጦር መርከቦችን ማቅረብ ከጀመሩ ወዲህ የተስፋፋ ስልት ነው። ጠረጴዛው ባሕር ይሆናል፣ መርከቧም የምትንሳፈፍ ትመስላለች። ለተመልካች ውብ ሐሳብ ነው። የልጅ ልጃቸው አገጩን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ “አባባ፣ እርስዎ ይሠሩ የነበረው የቱ ጋ ነው?” ሲል ጠየቃቸው። ሽማግሌው ጣታቸውን በመርከቧ ጎን ቁልቁል አውርደው ከሰሌዳው ጋር አገናኙትና ቆሙ።

“ከዚህ በታች ነው፣ ልጄ” አሉ።

ልጁ ጎንበስ ብሎ በጠረጴዛው ሥር ተመለከተ። በዚያ የነበረው የድንች ከረጢት ነው።

ይህ በስልክ የተነገራት ልጅ በተከታዩ ዓመት ሁለተኛውን ሳጥን ላከች። ዋጋው የመጀመሪያውን ዐሥር እጥፍ ያህል ነበር። ያችው “ፍሌቸር” ናት፣ ልኬቷ ግን 1 ለ 350፣ ርዝመቷ 33 ሴንቲ ሜትር፣ ሆዷ ከነፕሮፔለሮቿ ሙሉ ነው። ቁርጥራጮቿ ከ400 በላይ ናቸው። ከፕላስቲኩ ጋር እንደ ወረቀት የሳሱ የናስ ገጾች መጥተዋል፤ ናሱ የሚቀረጸው በፎርማ ሳይሆን በአሲድ ነው፤ የማይፈለገው በአሲድ ተበልቶ ሲወገድ የሚፈለገው ይቀራል። የጎን አጥሩ፣ መሰላሉ፣ የራዳሩ መረብ ሁሉ ከዚህ ናስ ነው። እዚህ ላይ ውድ የተባለው ዋጋ ምን እንደሚገዛ በግልጽ ይታያል፤ የሚገዛው ቅጥነት ነው። የአጥሩ ብረት የጎጆ ምሰሶ መሆኑ ቀርቶ ብረት ይመስላል። ማንም ቢሆን ከዚህ በኋላ ወደ ርካሹ ተመልሶ ሲያይ፣ ቀድሞ ያላስተዋለውን ውፍረት ሁሉ ማስተዋል ይጀምራል። ውድ ነገር በርካሹ ላይ የሚሠራው ግፍ ይህ ነው።

ሽማግሌው ስምንት ወር ሠሩ። በወረንጦ ይዘው፣ በአጉሊ መነጽር አይተው፣ ከጸጉር የማይወፍር ናስ አጠፉ። እጃቸው በሚንቀጠቀጥበት ቀን አይነኩትም ነበር። የመመሪያው መጽሐፍ ስድሳ ደረጃዎች አሉት፤ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን መጀመር አይቻልም፣ ከተጻፈው ውጪ መሄድም አይቻልም። ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ የሚገጥሙት እንደ ሞተር ክፍሎች በትክክል ነው፤ ሞረድ የሚፈልግ ቦታ እምብዛም የለም። ለባለሙያ ይህ ደስታ ነው፤ ግን የታዛዥ ደስታ ነው። ሁለቱን የሆዷን ግማሾች ከማጣበቃቸው በፊት ሽማግሌው ወደ ውስጥ አዩ። የቦይለሩ ክፍል፣ የተርባይኑ ክፍል ሊሆን የሚገባው ቦታ ከፊት እስከ ኋላ ባዶ ነበር። ልጁም አየው።

“ሞተሩስ?”

“አልሠሩትም” አሉት። “ይቺ ደግሞ በእንፋሎት ነው የምትሄደው። የእኔ ናፍጣ ነበረች።”

ከዚያም እንደ መመሪያው አጣበቋት።

መርከቧ ስታልቅ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ፤ አደነቀ። የሚያስደንቅ ነበርና ሐሰት አይደለም። ዛሬም ከመስኮቱ ብርሃን በኩል ያለው የክብር ቦታ የእርሷ ነው። ነገር ግን በማግሥቱ ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ደውለው የጠየቁት ነገር እርሷን አስገረማት። ያንኑ የመጀመሪያውን፣ ርካሹን ሳጥን፣ አንድ ተጨማሪ እንድትልክላቸው ነበር።

ርካሽ አምሳያ ታሪኩ የሚያሳፍር አይደለም። በእንግሊዝ ኤርፊክስ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1952 “ጎልደን ሃይንድ” የተባለችውን የድሮ ባለ ሸራ መርከብ አምሳያ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ፣ በዉልዎርዝ መደብሮች በ2 ሽልንግ ሲያስሸጥ፣ ዋጋው የተቆረጠው ለልጆች የኪስ ገንዘብ እንዲመጥን ተደርጎ ነው። በሌላው ጫፍ የፈረንሳዩ ሄለር “ቪክቶሪ” የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ በ1 ለ 100 ልኬት ከ2000 በላይ በሆኑ ቁርጥራጮች አቅርቧል፤ የሸራ ገመዱን ብቻ ለመዘርጋት ዓመት የሚፈጅባቸው ሰዎች አሉ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር በዋጋ ብቻ መለካት አይቻልም። ከፍተኛው ሳጥን ሠሪውን አስፈጻሚ ያደርገዋል፤ ዝቅተኛው፣ ጉድለቱ ብዙ ስለሆነ፣ ሳይወድ በግድ ያሳስበዋል። እርግጥ ብዙ ሰው ሳያስብበት ያልፈዋል፤ ርካሽ ሳጥን በራሱ ማንንም ጠቢብ አያደርግም።

ደብረ ታቦርም ለአምሳያ ነገር እንግዳ አይደለችም። ከከተማይቱ አጠገብ ባለችው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን አንጥረኞች ያቀለጡት “ሴባስቶፖል” የተባለው መድፍ ዋናው መቅደላ ላይ ሲቀር፣ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን አምሳያውን ነው። ከመድፉ ያነሰ የሚታወቀው ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በጣና ዳር ሰፍረው በነበሩበት በ1858 ዓ.ም. ያሠሩት ታንኳ ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ሆርሙዝድ ራሳም እንደ ጻፈው፣ ቴዎድሮስ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ሊመስል የታሰበ ትልቅ የደንገል ታንኳ አሠርተው፣ በጎኑ ላይ በሰው እጅ የሚዞር መንኰራኵር አስገጥመውለት ነበር። ነገሩ ከሙከራ አላለፈም። እንፋሎቱም ሞተሩም አልነበረም፤ የነበረው ደንገል፣ እንጨትና ክንድ ነው። የዘመኑ ፈረንጅ ይህን ሲያነብ ይስቅ ይሆናል። ነገር ግን መርከቡን የሚያንቀሳቅሰው መንኰራኵሩ መሆኑን ተረድቶ፣ በአገሩ ቁስ ለመድገም የሞከረ ሰው፣ ከውጭ መልኩን ብቻ ገልብጦ ከሚያስቀምጥ ሰው ይልቅ ለመርከቡ ቅርብ ነበር።

ሁለተኛው ርካሽ ሳጥን በደረሰ ጊዜ ሽማግሌው መመሪያውን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ስሌታቸውን አስቀድመው ሠርተዋል። 95 ሜትር በ700 ሲካፈል 13 ሴንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ“ፍሌቸር” አካል 16 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ነው። የሁለቱ ወርድ ግን ሊመሳሰል ምንም አልቀረውም፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ስለዚህ የመርከቧን አካል በመካከሏ በሴጌቶ ቆርጠው 2 ሴንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ሜትር አወጡና ሁለቱን ጫፎች መልሰው አጣበቁ። በውዱ ሳጥን ላይ ይህንን ማድረግ አይታሰብም፤ የልጃቸው የወር ደመወዝ በመጋዝ ሲቆረጥ ይታያቸው ነበር። የመርከቧን የላይኛውን ክፍል ከሁለቱ መመሪያዎች ካርቶንና ከተረፈው ፕላስቲክ እንደገና ሠሩት። አጥሩን ከውዱ ሳጥን በተረፈ ናስ አደረጉላት፤ ናሱ ለሌላ ልኬት የታሰበ ነውና ሁለት እጥፍ ከፍ ብሏል፣ ይህንንም ጠንቅቀው ያውቃሉ። የማይታረመውን ትተውታል።

ሆዷን የሠሩት ከዋንዛ ነው። መርከቧ ውኃ ውስጥ የምትጠልቀው 4 ሜትር ያህል ስለነበር፣ በዚህ ልኬት ሆዷ ከ6 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። አሥራ ሰባት ዓመት የተኖረበት ቦታ ማለት ነው። እንጨቱ ድፍን ስለሆነ ውስጡ ክፍል የለውም፤ ልጁ ይህን ጠይቆ መልስ ካጣ በኋላ፣ ሽማግሌው በኋለኛው በኩል፣ ሞተሩ በነበረበት ትክክለኛ ቦታ ላይ፣ በጋለ መርፌ አንዲት ቀዳዳ አበጁ። ቀዳዳዋ ቀይ ቀለም ሲቀባባት ተሸፈነች። ሁለቱን ፕሮፔለሮች ከናሱ ቆርጠው፣ ቅጠሎቻቸውን በወረንጦ ጠምዝዘው ተከሉ።

ሥራው የቆመው መጨረሻው ላይ ነው። ፎቶግራፏ የምታሳየው የመርከቧን ፊትና ግራ ጎን ብቻ ነው። የኋላውን ወለል ሽማግሌው ለማስታወስ ቢሞክሩ የሚመጣላቸው ወደ ሞተሩ ክፍል የሚወርደው መሰላልና የእጀታው ሙቀት ብቻ ሆነ። አዲስ አበባ ለሚኖሩ አንድ የቀድሞ ባልደረባቸው ደወሉ። ባልደረባቸው በኋላ በኩል ትልቅ የማንሻ ክሬን እንደ ነበረ ይምላሉ፤ እሳቸው ክሬኑ ቀድሞ ተነሥቶ እንደ ነበረ ያምናሉ። ሦስት ጊዜ ተደዋውለዋል፤ በሦስተኛው ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር። ሌላ የሚያስታርቃቸው ባልደረባ ቢፈልጉ፣ ከሚያውቋቸው መካከል በሕይወት ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ጆሯቸው አይሰማም።

በጠረጴዛው ላይ ውዷ መርከብ ብርሃኑን ይዛለች፤ የመጀመሪያይቱ ርካሽ ከጎኗ ልጥፍ ብላለች። ሦስተኛይቱ ከሁለቱ ፈንጠር ብላ በሁለት የእንጨት መደገፊያ ላይ ቆማለች፤ የናስ አጥሯ ከፍ ያለ፣ የተቀጠለበት መስመር በቀለሙ ሥር የሚታይ፣ የኋላ ወለሏ ባዶ ነው። በአፍንጫዋ ላይ “ኤ 01” የሚለው ቁጥሯ ሊጻፍበት የተተወ ቦታ አለ። ነጩ ቀለም ከተገዛ ሦስት ወር አልፎታል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በየቀኑ አጎንብሶ ያየዋል፤ ሽማግሌውም “ክሬኑ ይለይለትና” ይሉታል።